ቀኑ ያለፈበት ወረቀት ይነሳ፦ የሚኒ ሚዲያ ክበብ የ2013 ዓ.ም. ዘገባ

የሚኒ ሚዲያ ክበባችን ባለፉት ዓመታት በዚህ መጽሔት ያወጣውን ዘገባ ያነበበ ሰው የዘንድሮውን ሲያይ ክበቡ ሥራ የቀየረ ሊመስለው ይችላል። ግጥሙ ጥቂት፣ ጭውውቱም ጥቂት ነው። የጥያቄና መልስ ውድድር አልተካሄደም፤ የወላጆች ቀንም አልተከበረም። ዓመቱን ሙሉ ማይክሮፎናችን ያሰማው በአብዛኛው የወረዳ ማስታወቂያ ነው፤ የውሃ ፈረቃ፣ የሸማቾች ዘይት፣ ክትባት፣ የመራጮች ምዝገባ። አንድ ባልደረባዬ በመምህራን ስብሰባ ላይ «ትምህርት ቤቱ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆነ እንዴ?» ብለው ጠይቀው ነበር። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ነገሩ የሚጀምረው ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ፤ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። መጋቢት 30 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ መከልከሉን፣ ታክሲም በግማሽ መጫኑን ሁሉም በቶሎ አወቀ፤ መንገድ ላይ የሚታይ ነገር ነውና። አከራይ ተከራይን ማስወጣትም ሆነ ኪራይ መጨመር እንደማይችል የሚደነግገው ክፍል ግን ብዙዎች ጆሮ ሳይደርስ ቀረ። ከኮተቤ አልፎ ወደ ካራ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖሩት የተማሪዎቻችን ወላጆች ደግሞ አብዛኞቹ ተከራዮች ናቸው።

ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ደረጃ በደረጃ ሲከፈቱ ክበቡ ሜዳው ላይ ተራርቆ ቆሞ የመጀመሪያ ስብሰባውን አደረገ። «ዘንድሮ ምን እንሥራ?» የሚለው የተለመደ ጥያቄ ሲነሳ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። ባለፈው ግንቦት አከራያቸው ቤቱን ልቀቁ ሲሏቸው እናቷ ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው መውጣታቸውን፣ ሕጉ ይህን እንደሚከለክል የሰሙት ግን አዋጁ ሊያበቃ ሲቃረብ መሆኑን ተናገረች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ከዚያ በኋላ ስለ ግጥም ያነሳ አልነበረም። «ዜና ከወረዳችን» የተባለው የአምስት ደቂቃ ዝግጅት የተጀመረው እንዲህ ነው።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ሁለት ተማሪዎች ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ወረዳው ሄደው የሳምንቱን ማስታወቂያ ይቀበላሉ፤ ሰኞ ይነበባል። ችግሩ ትምህርቱ በፈረቃ መሆኑ ነበር። ግማሹ ተማሪ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ግማሹ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ስለሚመጣ አንድ ዜና ሁለት ጊዜ ይነበባል። ሰኞ «ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት» ተብሎ የተነበበ ጥሪ ማክሰኞ እንዳለ ከተደገመ ሰውን ረቡዕ በከንቱ ያስወጣል። ከወረዳው የሚመጡት ወረቀቶች ደግሞ እንዲህ ያለውን አጻጻፍ ይወዱታል። «በነገው ዕለት አስቸኳይ ስብሰባ ስላለ እንድትገኙ» የሚል፣ ማኅተም ያለው ግን ቀን የሌለው ማስታወቂያ በራችን አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ሰንብቷል፤ ስብሰባው በየቀኑ ነገ ነበር።

ስለዚህ ክበቡ ደንብ አወጣ። ማንን ይመለከታል? የት? በየትኛው ቀን? ምን ይዞ ይምጣ? እነዚህን ያልመለሰ ወረቀት ማኅተሙ ቢያምርም አይነበብም። የወረዳው ሠራተኞች ተማሪ ጠያቂ ሆኖ ሲመጣባቸው መጀመሪያ ላይ አልወደዱትም፤ «እናንተ የተጻፈውን አንብቡ» የተባሉበት ጊዜም አለ። ልጆቹ በትሕትና፣ ግን ከበሩ ሳይንቀሳቀሱ ጠየቁ። ከጥር በኋላ ገና ሲገቡ እስክሪብቶ አውጥቶ ቀኑን የሚጽፍላቸው ሠራተኛ አገኙ። ለባልደረባዬ ጥያቄ ግማሹ መልስ ይህ ነው። ልጆቻችን የወረዳው ልሳን እንዲሆኑ አልፈልግም፤ የሕዝብ ጉዳይ የያዘ ወረቀት ይዘው ከኃላፊ ፊት ቆመው መጠየቅ መልመዳቸው ግን ከማንኛውም የክበብ ሥራ ይበልጥብኛል።

የሰሌዳውን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ታኅሣሥ ላይ ልጆቹ ሊያጸዱት ተነሱና ወረቀቱ እንደ ድሮ ቤት ግድግዳ ድርብርብ ሆኖ አገኙት። ከላይ የሸማቾች ስኳር፣ ከሥሩ የሚያዝያ 2012 የቤት ለቤት የጤና ልየታ፣ ከእሱ ሥር የ2011 የችግኝ ተከላ ጥሪ፤ ከዚያ በታች ያለው ሙጫውና ወረቀቱ አንድ ሆኖ የሚነበብ አልነበረም። በውሃ አርሰው በማስመሪያ ሲፍቁት ዋሉ። በዚያው ሰሞን አንዲት እናት ባለፈው ዓመት የተለጠፈ የማዕድ ማጋራት ማስታወቂያ ሰው አንብቦላቸው፣ ዘንቢላቸውን ይዘው ወረዳ ድረስ ሄደው ባዶ እጃቸውን መመለሳቸውን ሰማን። ከዚያ ወዲህ ክበቡ የሚለጥፈው ወረቀት ሁሉ በቀኝ ግርጌው በቀይ እስክሪብቶ «ይነሳ» ተብሎ ቀን ይጻፍበታል፤ በዚያ ቀን ተረኛው ተማሪ ያነሳዋል። የለጠፈ ሁሉ ይመሰገናል፤ ያነሳውን የሚያስታውሰው የለም። እኔ ግን ከዓመቱ ሥራችን ሁሉ የምኮራው በማንሳቱ ነው።

እርግጥ ነው፣ ሰሌዳው ዘንድ ሰው የሚሰበስበው ዘይት ነው። «ባለ 5 ሊትር ገብቷል» የሚል መስመር የወጣ ቀን ክትባትንም ምርጫንም የሚያይ የለም። ይህን ያዩ ልጆች ሌላውን ማስታወቂያ ከዘይቱ ጎን መለጠፍ ጀመሩ፤ ብልሃቱ የእነሱ ነው። ሰልፉ ተጠጋግቶ ስለሚቆም የሸማቾች ማኅበሩ በቤት ቁጥር ከፋፍሎ ቀን እንዲመድብም ሐሳብ አቅርበው ነበር። ሁለት ዙር ተሞከረና በሦስተኛው ዘይቱ ራሱ ዘገየ፤ ሰልፉም ወደ ቀድሞው ተመለሰ።

ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የመጀመሪያዎቹን የኮሮና ታማሚዎች ተቀብሎ ያከመ ሆስፒታል ነው። ለሌላው አዲስ አበቤ በዜና የሚሰማ ስም ነው፤ ለእኛ ጎረቤት ነው። የአምቡላንሱ ድምፅ በተሰማ ቁጥር አዲስ ወሬ ይወለድ ነበር። ክበቡ ከካርቶን «ሰምቻለሁ» የምትል ሣጥን ሠርቶ ከቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ አኖረ፤ ተማሪው ሰፈር የሰማውን ስሙን ሳይጽፍ ይከታል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በየሁለት ሳምንቱ መጥተው ይመልሳሉ። በሆስፒታሉ አጥር ሥር ያለፈ ሰው ይይዘዋል ወይ? ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ያድናል ወይ? ወደ ኮሮና መረጃ ስልክ 8335 ሲደወል ሂሳብ ይቆርጣል ወይ? ባለሙያዋ ማንንም ሳያሳፍሩ መለሱ። በሽታው በቅርብ ርቀት በትንፋሽና በሳል እንጂ ከአጥር እንደማይመጣ፣ ፌጦው በማስኩና በሳሙናው ቦታ እንደማይገባ፣ ስልኩም ነጻ መሆኑን ነገሯቸው። ሁለቱ የኮሮና መረጃ ስልኮች፣ 8335 እና 952፣ አሁን በአጥራችን ላይ በትልቁ ተጽፈዋል።

ሣጥኗ ጢም ብላ የሞላችው መጋቢት ላይ ነው። የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ዶዝ የአስትራዜኔካ ክትባት የካቲት 28 ገባ፤ መጋቢት 4፣ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ ልክ በዓመቱ፣ ክትባቱ በዚያው በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ከጤና ባለሙያዎች ተጀመረ። በዚያው ሰሞን ግን አንዳንድ የአውሮፓ አገሮች በደም መርጋት ሥጋት ክትባቱን ለጊዜው ማቆማቸው ተሰማ። ባለሙያዋ ይህን እንዲያስተባብሉልን ጠብቀን ነበር። እሳቸው ግን ማቆማቸው እውነት መሆኑን፣ ጉዳዩ እየተመረመረ መሆኑን፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ጥቅሙ ስለሚያመዝን እንዲቀጥል መምከሩን እንዳለ ነገሩ። ከዚያ ንግግር በኋላ አያቶቻቸው መቼ እንደሚደርሳቸው የሚጠይቁ ወረቀቶች በዙ።

ሰሌዳው ማንበብ የሚችል ሰው ይፈልጋል፤ ሞንታርቦው ከግቢ አያልፍም። ስለዚህ ሁለት ነገር ጨመርን። ከካራ ወዲያ ያሉት አርሶ አደር ወላጆች አፋን ኦሮሞ ስለሚቀናቸው አንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ማስታወቂያውን በሁለቱም ቋንቋ መጻፍና ማንበብ ጀመረ። ሌላው የእድሩ ለፋፊ ናቸው። ልጆቹ የክትባቱን ቀን እንዲለፍፉላቸው ሲጠይቋቸው አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጆቼ፣ እኔ ጥሩንባ ስነፋ ሰው ማን ሞተ ብሎ ነው የሚወጣው። ለክትባት ብነፋው ክትባቱን ይጠሉታል» አሉ። እውነታቸውን ነው። በተለይ በዚያ ዓመት፣ ድንኳን ሳይጣል ሰው በተቀበረበት ዓመት፣ ያ ጥሩንባ ከባድ ነበር። በኋላ ራሳቸው መላ አመጡ፤ ለወረዳ ዜና ጥሩንባው ቤት ይቀራል፣ ሰዓቱም ከንጋት ወደ አመሻሽ ይዛወራል፣ በባዶ ድምፅ ብቻ ይለፍፋሉ። ሠራ።

ስለ ምርጫው የምለው አጭር ነው። ነሐሴ 2012 ሊካሄድ ታስቦ በወረርሽኙ ምክንያት የተላለፈው ምርጫ ሰኔ 14 ቀን ድምፅ እስኪሰጥበት ድረስ ክበቡ የምዝገባ ጣቢያና ቀን ብቻ አነበበ፤ ስለ ፓርቲ አንድ ቃል አልወጣም።

የዕለቱን የታማሚዎች ቁጥር ግን ማንበብ አቆምን። በመጋቢትና በሚያዝያ ቁጥሩ ሲያሻቅብ አንዳንድ ተማሪዎች በነገው ቁጥር ላይ ሲወራረዱ ስለተገኙ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከማብራሪያ ጋር እንዲሆን አደረግን። እስከ ሰኔ መጨረሻ በአገራችን በቫይረሱ መያዛቸው የተመዘገበ ሰዎች ከ270 ሺህ፣ የሞቱት ከ4 ሺህ በልጠዋል። ይህ የሚወራረዱበት አይደለም።

ስለ ዕቃዎቻችን ጥቂት። አንዱን ማይክሮፎን ብዙ አፍ ስለሚጠጋው በፌስታል ሸፍነነው ነበር፤ ድምፁን አንኮሻኮሸው። አንድ ተማሪ ከአሮጌ ካልሲ የተቆረጡ ጨርቆች አምጥቶ አንባቢ በተቀየረ ቁጥር ይለዋወጡ ጀመር፤ ቅዳሜ ታጥበው መስኮቱ ላይ ይሰጣሉ። አምፕሊፋየሩ ከሚያዝያ ጀምሮ አንድ ጎኑ አይሰማም፤ የጥገናው ጥያቄ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት ቀርቧል። ሰሌዳው ክዳን ስለሌለው ክረምቱ ወረቀቱን ያበላሸዋል፤ ለቆርቆሮ የሚሆን ገንዘብ ያለው ወላጅ ቢገኝ አናጺው ከራሳችን ጥበቃዎች አንዱ ናቸው። ለወረዳውም ማስታወቂያ ሁሉ የሚለጠፍበትና የሚነሳበት ቀን ተጽፎበት እንዲወጣ የሚጠይቅ ደብዳቤ ልጆቹ ጽፈው በርእሰ መምህሩ ፊርማ ልከናል።

ስምንተኛ ክፍሎች ስለሚለዩን በመስከረም አዲስ አባላት እንመዘግባለን። መመዝገብ የሚፈልግ ተማሪ ጥርት አድርጎ ማንበብ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላም ወረዳ ድረስ በእግሩ ለመሄድ ፈቃደኛ መሆን አለበት። ቀይ እስክሪብቶውን ክበቡ ይሰጣል።