ለማኅሌት፣ ስለ አርባዋ ሰከንድ

ልጄ ማኅሌት፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉንፋን ይዟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። በስልክ እንዳልነግርሽ ስላስጠነቀቀችኝ በደብዳቤ ነገርኩሽ።

የላክሽው የሌሊት ሰማይ ቪዲዮ ደርሶኛል። መጀመሪያ በስልኬ አየሁት፤ ቀጥሎ በፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር፤ ማታ ደግሞ ቴሌቪዥን ላይ ሰክተን ከእናትሽ ጋር ተመለከትነው። ሲያበቃ እናትሽ «አለቀ?» አለች። እኔም ያነሳሽው ሌሊት ባሌ፣ ሳነቴ አምባ ላይ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ፣ «ለአርባ ሰከንድ ብለን ነው እንዲህ የምንሆነው?» ብዬሽ ነበር። አንቺ አልመለስሽልኝም። ያኔ ዝም ማለትሽ ትዝ እያለኝ በስልክ ልናገር ብሞክር አልሆነልኝም፤ ስለዚህ ብዕር አነሳሁ።

ሒሳቡን እንደገና ሠራሁት። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል፣ በየ30 ሰከንዱ አንድ ፎቶ፣ በጠቅላላው 960። በሰከንድ 24 ሲያልፉ 40 ሰከንድ ይሆናሉ። እኔ ሙያውን የተማርኩት በባለ 36 ፎቶ የፊልም ጥቅል ነው። 960 ማለት 26 ጥቅል ጨርሶ ከ27ኛው ላይ ሃያ አራት ማንሳት ነው። በእኛ ጊዜ ለአንድ ሰርግ አምስት ጥቅል የጨረሰ ፎቶ አንሺ አባካኝ ይባል ነበር። እያንዳንዷን ከማንሳቴ በፊት ሁለቴ አስብ ነበርና፣ ካሜራው ብቻውን ቆሞ ማንም ሳያስብለት ሲያነሳ ሳይ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ሙያዬ የተናቀ መሰለኝ። ማሰቡ ሁሉ ቀድሞ ያለቀ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የመጀመሪያዋን ሌሊት አስታውሻት። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ድንኳን ተክለን፣ ራሴን እያመመኝ ተኝቼ፣ የካሜራው «ቀጭ» የሚል ድምፅ በየ30 ሰከንዱ ከውጭ ይሰማኝ ነበር። እንቅልፍ የወሰደኝም እርሱን ስቆጥር ነው። አምስት ሰዓት ገደማ ነቃሁ፤ የቀሰቀሰኝ ግን ድምፅ አልነበረም፣ የድምፁ መቋረጥ ነው። ብቅ ስል ጨለማው ውስጥ ካሜራው አጠገብ ቁጭ ብለሻል። ብርዱ ባትሪውን ጨርሶታል። ቤት ውስጥ ሙሉ ሌሊት እንደሚቆይ የፈተሽነው ባትሪ እዚያ ግማሹን ያህል እንኳ አልቆየም። በማግስቱ ፓወር ባንኩን በጋቢዬ ጠቅልለሽ ከትራይፖዱ እግር ሥር አስተኛሽው። ጋቢው የእኔ ነበር፤ ያን ሌሊት ለብሼው የምተኛው እኔ ነበርኩ። ይህን የማነሳው ለክስ አይደለም። (ትንሽ ለክስም ነው።)

ከዋክብት ልናነሳ ከሰፈርንበት ካምፕ ከሁሉ የገረመኝ ቀይ መብራቱ ነው። ከመሸ በኋላ ነጭ መብራት ክልክል፣ የመኪና መብራት ክልክል፣ ሰው ሁሉ ግንባሩ ላይ ቀይ መብራት አስሮ ይዘዋወራል። የገባሁት ድሮ ፎቶ የማጥብበት ጨለማ ክፍል መሰለኝ። እዚያም የምናበራው ቀይ ብቻ ነበር፤ የጥቁርና ነጭ ፎቶ ወረቀት ቀይ ብርሃን አይነካውም። የካምፑ አስተማሪ የነገሩን ደግሞ ስለ ዓይን ነው፤ ዓይናችን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፣ ነጭ ብርሃን በአንድ አፍታ ያጠፋበታል፣ ደብዛዛ ቀይ ግን ብዙም አይጎዳውም። ለካ ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ክፍል ሰማይ ሥርም አለ።

አሁን ወደ ሰማዩ ልምጣ። አንቺና ጓደኞችሽ ከውጭ አገር ትምህርት ቪዲዮ አይታችሁ፣ ከዋክብት በሰሜን ኮከብ ዙሪያ ክብ ሲሠሩ ማንሳት አለብን ብላችሁ እንዴት እንደተሟገታችሁ አልረሳውም። አስተማሪው እጃቸውን ዘርግተው ጡጫቸውን አሳዩን። የተዘረጋ እጅ ጡጫ ዐሥር ዲግሪ ያህል ነው፤ ባሌ ላይ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ የሚርቀው ሰባት ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ከጡጫ በታች! አንዱ ጉብታ ይጋርደዋል። አውሮፓ ላይ ከፍ ብሎ የሚቆመው ኮከብ እኛ ጋ መሬት ሊነካ ይደርሳል። ያኔ ነው ካሜራውን ወደ ምሥራቅ ያዞርሽው፣ ፊት ለፊቱም ያችን ብቸኛ ጅባራ፣ ያችን ረጅም የደጋ ተክል፣ ያደረግሽው።

ያገኘሽውን እይው እስቲ። ኦሪዮን ከሚባለው የከዋክብት ስብስብ በመስመር የተደረደሩት ሦስቱ ከጅባራዋ ጀርባ ተነሥተው፣ ነፋስ በሌለበት ቤት እንደሚወጣ የዕጣን ጭስ፣ ቀጥ ብለው ወደ ላይ ይሄዳሉ። ሰሜን ርቆ በሚገኝ አገር ኮከብ የሚወጣው በሰያፍ ነው። እኛ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ከእነርሱ ግራ ያሉት ወደ ግራ፣ ቀኝ ያሉት ወደ ቀኝ እየጎበጡ ይለያያሉ፤ መጋረጃ ከመሃል ሲገለጥ እንደማለት ነው። ይህን ከዚያ የውጭ ቪዲዮ መቅዳት አትችይም ነበር። እናትሽ ሁለተኛ ስታየው «ምድር ስትዞር ተሰማኝ» ብላ የሶፋውን ጠርዝ ያዘች።

ስለ ተወርዋሪ ኮከቦቹ ግን ቅር ብሎኛል። በየዓመቱ ታኅሣሥ 4 አካባቢ የሚወርዱት ናቸው ብለሽኝ፣ ምንጫቸውም ጅራታም ኮከብ ሳይሆን ፋኤቶን የሚባል አስትሮይድ (በፀሐይ ዙሪያ የሚዞር ዓለት) መሆኑን አስረድተሽኝ፣ በዓይናችን ስንቱን አየን! ቪዲዮው ላይ ግን እያንዳንዱ የሚታየው በአንድ ፎቶ ላይ ብቻ ስለሆነ ከሰከንድ አንድ ሃያ አራተኛ አይቆይም። ዓይን ሳይይዘው ያልፋል። ሁለት ሦስቱን ፎቶ ለብቻ አውጥተሽ ላኪልኝ፤ በትልቁ አትሜ ፎቶ ቤቱ ውስጥ እሰቅላቸዋለሁ። ሙዚቃውንም አውጪው። ያ ሌሊት ድምፁ ነፋስና «ቀጭ» ብቻ ነበር።

ስላማረርሽበት የብርሃን መርገብገብ አስቤበታለሁ። ጥፋቱ ከአንቺ አይመስለኝም። ጥጉ ላይ ያሉት ከዋክብት ክንፍ እንዳያወጡ ብለሽ የሌንሱን ቀዳዳ ከ1.8 ወደ 2.8 ጠበብ አድርገሽዋል፤ ልክ ነሽ። ነገር ግን የዘመኑ ሌንስ ለእያንዳንዱ ፎቶ ቀዳዳውን ይዘጋል፣ መልሶ ይከፍታል፣ በየጊዜው ደግሞ በትክክል እዚያው ላይ አይቆምም። ለአንድ ፎቶ ልዩነቱ አይታይም፤ 960 ሲደረደሩ ግን ብርሃኑ ይንቀጠቀጣል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ከመሳቢያዬ የወጣውን የድሮውን 28 ሚሊ ሜትር ሌንስ ልኬልሻለሁ። ቀዳዳው በእጅ በሚዞር ቀለበት ነው የሚስተካከለው፤ ሰውነቱ ላይ ያለውን ማገናኛ በጥንቃቄ ግጠሚው፣ ከካሜራው ጋር ይስማማል። ፎከሱም በእጅ ነው። ደማቅ ኮከብ ላይ አጉልተሽ ካስተካከልሽ በኋላ ቀለበቱን በፕላስተር እሰሪው። ቀዳዳውን 4 ላይ አቁመሽ ጀምሪ፣ እዚያ ላይ የምስሉን ጥራት አምነዋለሁ፤ የሚጠፋውን ብርሃን አይ ኤስ ኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ እኛ ኤ ኤስ ኤ የምንለውን) ከፍ አድርገሽ ተኪው። ለስንት ሰከንድ እንደምትከፍቺው ለማወቅ 500ን ለ28 ስታካፍዪ 18 ሰከንድ ገደማ ይሰጥሻል፤ እንደ 20 ሚሊ ሜትሩ ሌንስሽ 25 ሰከንድ ብትከፍቺው ከዋክብቱ ነጥብነታቸው ቀርቶ ጭረት ይሆናሉ።

አሁን ስሸሸው የቆየሁት ጉዳይ። 32ኛው ሰከንድ ላይ ሣሩና ጅባራዋ ድንገት ብልጭ ብለው ይጠፋሉ። እናትሽ «መብረቅ ነው?» አለችኝ። «አይ፣ እኔ ነኝ» አልኳት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ለሽንት ወጥቼ፣ እንቅልፍ ባናወዘው እጄ ቀዩን ትቼ ነጩን ባትሪ አብርቼ፣ ከካሜራሽ ፊት ለፊት ሁለት ደቂቃ ያህል ተንከራተትኩ። አራት ፎቶ አበላሸሁብሽ። በማግስቱ ማየትሽን አውቄያለሁ፤ ቃል አልተነፈስሽም፤ እኔም አልነገርኩሽም። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ከካሜራ ጀርባ እንጂ ፊት ቆሞ የማያውቅ ሰው፣ ሰማይ ሲነሳ ፊት ለፊቱ ቆመ። ይቅርታ፣ ልጄ።

ልቁረጣቸው ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ብትቆርጫቸው ሰማዩ ይዘልላል፤ ሁለት ደቂቃ ማለት ግማሽ ዲግሪ፣ የሙሉ ጨረቃ ስፋት ያህል ነው፣ ዓይን ይይዘዋል። ከፈለግሽ ብርሃናቸውን አጨልመሽ ከጎረቤቶቻቸው ጋር አመሳስያቸው፤ ፎቶ ማደስ ስትጀምሪ ያሳየሁሽን ታስታውሺያለሽ። በእኔ በኩል ግን ይቆዩ። በሦስተኛው ፎቶ ላይ ካፖርቴን በእጄ ይዤ ወደ ላይ አንጋጥጬ እታያለሁ፤ ምን እያየሁ እንደነበር አላስታውስም።

በየካቲት ጨረቃ በምትጠፋበት ሰሞን ፈቃድ ካገኘሽ መኪናውን እኔ እነዳለሁ። ያን ጊዜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ የፍኖተ ሐሊብ (ሚልኪ ዌይ) ደማቁ እምብርት በደቡብ ምሥራቅ እንደሚወጣ አስተማሪው ነግረውኛል። እናትሽም እመጣለሁ ብላለች። ሦስት ጋቢ እይዛለሁ፣ አንዱ የፓወር ባንኩ። የእኔን የእጅ ባትሪ ግን ገና ከመሸ ተቀብለሽ ኪስሽ ውስጥ አስቀምጪው።

አባትሽ