ሴሊካ ሁሉ አንድ አይደለችም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የደሴ ነዋሪ ነኝ። እንደ ዓይኔ ብሌን የማያት ቶዮታ ሴሊካ አለችኝ። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ የፊት ባምፐሯ ተሰበረ። አዲስ አበባ፣ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ድረስ ሄጄ «የሴሊካ ነው» ተብዬ የስፖርት ባምፐር ገዛሁ። አውቶቡስ ላይ ጭኜ አመጣሁት። አልገጠመም! የእኔዋ የ2000 እ.ኤ.አ. ሞዴል ናት፤ ባምፐሩ ከ2003 ወዲህ ላሉት ነው። የሻንሲ ኮዳቸው ያው ዜድዜድቲ 231 ነው፤ የፊት መብራቱና ባምፐሩ ግን ተቀይሯል። ባትላሜራው ሦስት ቀን ታገለ። ባምፐሩ የተሠራበት ፋይበር ግላስ ደግሞ እንደ ላሜራ ተቀጥቅጦ አይቃናም፣ ይሰነጠቃል።

ሻጮች ሆይ፣ እባካችሁ ዕቃው ላይ ኮዱንም ዓመቱንም ጻፉልን። ገዢዎችም የመኪናችሁን የፊት መብራት ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። ከወሎ ተነስቶ ለመመለስ መንገዱ ሩቅ ነው።