ኮሚሽኑ ካርታው እስኪዛወር ይጠብቅ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የቤት ሽያጭ ውል በመጻፍ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። ቢሮዬ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ሰዉ እስከ ዛሬ «ውልና ማስረጃ» እያለ ከሚጠራው መሥሪያ ቤት ቅርንጫፎች የአንዱ ጎረቤት ነው። ቤት ሊገዛ ወይም ሊሸጥ ያሰበ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የዕድር ሰው ሁሉ ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው፤ «የሚታመን ደላላ ታውቂያለሽ?»

አውቃለሁ። ጨዋ ደላሎች አሉ፣ ስማቸውንም ስልካቸውንም እሰጣለሁ። ግን ጥያቄው ብዙም እንደማይጠቅም ካየሁ ቆይቻለሁ። ደላላው ጨዋ ሆነም አልሆነ የሚከፈልበት መንገድ ያው ነው፤ ሻጭንም ገዢንም የሚጎዳው ደግሞ ይሄ የአከፋፈል መንገድ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። በከተማችን የተለመደው ከሻጭ 2 ከመቶ፣ ከገዢ 2 ከመቶ ነው። ቤቱ 20 ሚሊዮን ብር ቢሸጥ ከእያንዳንዳቸው 400 ሺህ፣ በድምሩ 800 ሺህ ብር ማለት ነው። አሁን ሻጩ ዋጋውን 1 ሚሊዮን ቢቀንስ ደላላው ምን ያጣል? 40 ሺህ ብር። ገዢው «ቆይ፣ መጀመሪያ ካርታውን ክፍለ ከተማ ሄጄ ላጣራ» ብሎ ነገሩ ቢጓተትና ቢፈርስስ? 800 ሺው እንዳለ ይሄዳል። ስለዚህ ሻጭ «ደላላዬ ዋጋ ያስጨምርልኛል» ብሎ ተስፋ ባያደርግ ይሻለዋል፣ ገዢም «ያስቀንስልኛል» ብሎ ባይጠብቅ ይሻለዋል። ደላላው የሚሠራው ጉዳዩ ቶሎ እንዲያልቅ ነው። ሁለቱንም ያቻኩላል። ለሻጩ «ገበያው ቀዝቅዟል፣ ይሄን ገዢ እንዳታጣው» ይለዋል፤ ያንኑ ቀን ለገዢው «ሌላ ሰው ብር ይዞ ቆሟል፣ ዛሬውኑ ቀብድ ጣል» ይለዋል። ሁለቱም ቢሮዬ መጥተው ቁጭ ሲሉ እያወሩ ሳለ ነው የሚተዋወቁት፣ የተባሉትንም የሚሰሙት ያኔ ነው።

የሚያቃጥለኝ የቀብዱ ነገር ነው። ሕጉ ግልጽ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ይሁን፣ ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት ይመዝገብ ይላል። ውልና ማስረጃ የሚባለው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ እዚያ ስትቀርብ ካርታው ይታያል፣ እግድና ዕዳ እንደሌለበት ይጠየቃል፣ ያገባህ እንደሆነ ባለቤትህ ትፈርማለች፣ ካላገባህ ያላገባ ማስረጃ ታመጣለህ። ጥሩ ነው። ግን ሰው እዚያ ከመድረሱ በፊት ካፌ ውስጥ ወይም መኪና ውስጥ ተቀምጦ የመንደር ውል ይፈርማል፣ ቀብድ ይቆጥራል። ደላላውም ብዙ ጊዜ ኮሚሽኑን፣ ቢያንስ ግማሹን፣ የሚጠይቀው እዚችው ላይ ነው። ማጣራቱ ገና አልተጀመረም፣ ደላላው ግን ድርሻውን ይዟል። ከዚህ በኋላ ነገሩ ቢበላሽ ምን ገዶት!

አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። ባልና ሚስት ናቸው፣ ሁለቱም መንግሥት ሠራተኞች። ለቡ አካባቢ ቤት አግኝተው ከሻጩና ከደላላው ጋር ቢሮዬ መጡ። የመንደር ውሉ በእጅ ጽሑፍ፣ በሁለት ገጽ ወረቀት ተጽፎ አልቋል፤ ከምስክሮቹ አንዱ ራሱ ደላላው ነው። ቀብድ 1 ሚሊዮን ብር ተከፍሏል። ከኔ የሚፈልጉት ዋናውን ውል ብቻ ነው። ፎቶ ኮፒውን ካርታ ሳየው የተሠራው በጋብቻ ውስጥ መሆኑን ከቀኑ ጠረጠርኩና «ጋሼ፣ ባለቤትዎ የት ናቸው?» አልኳቸው። «አሜሪካ ናት፣ እሷ ጋ ችግር የለም» አሉና ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። «ታዲያ ውክልና ይላኩልን» ስል ደላላው ጣልቃ ገባ። «እህቴ፣ አንቺ ውሉን ብቻ ጻፊ፣ ሌላውን እኛ እንጨርሰዋለን።» ገዢዋ ሴትዮ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ እጀታውን ጨምቃ ይዛዋለች። ባሏ ደላላውን ያያል፣ ደላላው ስልኩን ያያል።

በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልና ሚስት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። አንዱ ሳያውቅ ከተሸጠ ያኛው ፍርድ ቤት ሄዶ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ይሄን ማንም የቤት ደላላ ያውቀዋል፤ የዕለት ሥራው ነው። ውክልናው አልመጣም። የሻጩ ባለቤት ለካ ቤቱ እንዲሸጥ አትፈልግም። ሻጩ ቀብዱን ለሌላ ዕዳ ከፍለውታል። በሕጉ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል፣ ቁጥር 1885 እንደዚያ ይላል፤ ግን ከሌለው ሰው እጥፍ ለማስመለስ ክስ፣ ጠበቃ፣ ቀጠሮ፣ አፈጻጸም አለ። ደላላውስ? ከሁለቱም የወሰደውን ወስዷል፣ ስልኩም አይነሳም።

ይሄ ሰውዬ ሌባ ነው ብዬ አይደለም የማወራችሁ። ምናልባት ለልጆቹ ጥሩ አባት ነው። ክፍያው ካርታው በገዢዎቹ ስም በዞረ ማግስት ቢሆን ኖሮ ግን «ሚስትዎ የት ናት?» የሚለውን ጥያቄ ከኔ በፊት፣ ገና ቤቱን ሳያሳይ፣ ራሱ ይጠይቅ ነበር።

ሌላው በየጊዜው የማየው ውሉ ላይ ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍ ነው። «ለምን ታክስ ትከፍላላችሁ፣ 20 የተሸጠውን 6 ብለን እንጻፈው» የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከደላላው አፍ ነው። ሻጩ ደስ ይለዋል፣ ገዢውም የቴምብር ቀረጡ ስለሚቀንስለት ዝም ይላል። መንግሥት በራሱ ግምት ስለሚያስከፍል ያሰቡትን ያህል እንኳ ላያተርፉ ይችላሉ። ነገ ቤቱ ክስ ቢነሳበትና ውሉ ቢፈርስ ገዢው «ገንዘቤን መልሱልኝ» የሚለው በየትኛው ወረቀት ነው? ፍርድ ቤት የሚያየው 6 ሚሊዮኑን ነው። ቀሪውን 14 ሚሊዮን በእጅ ነው የሰጠሁት፣ ደላላውም አይቷል ብትል ደላላው መጥቶ ይመሰክርልሃል? እኔ እንዲህ ያለ ውል አልጽፍም። ሌላ ቦታ ሄደው እንደሚያጽፉትም አውቃለሁ።

ኮንዶሚኒየም ደግሞ አለ። ዕጣ የደረሰው ሰው አምስት ዓመት ሳይሞላው መሸጥ አይችልም፣ ሁሉም ያውቃል። ደላላው ግን «በውክልና እንጨርሰዋለን» ይላል። ሻጭ ለገዢ የመሸጥ የመለወጥ ውክልና ይሰጣል፣ ገዢ ብሩን ከፍሎ ይገባል፣ አምስት ዓመቱን ይጠብቃል። ውክልና ግን ሰጪው ሲሞት ያበቃል፣ በሕይወት እያለም ሊሽረው ይችላል። ጀሞ፣ ጎሮ፣ የካ አባዶ እንዲህ ገብተው የሚኖሩ፣ ግድግዳ አፍርሰው ያደሱ፣ ሴራሚክ ያነጠፉ፣ በኋላ ከሟች ወራሾች ጋር ፍርድ ቤት የሚመላለሱ ሰዎች አጋጥመውኛል። ያገናኛቸው ደላላ የሞተውን ሰው መርዶ እንኳ አልሰማም። የሱ ሥራ ከዓመታት በፊት አልቋል።

ሻጭም አይቀርለትም፣ በሱም ይደርስበታል። «እናቴ፣ እጅሽ ላይ ስንት ይግባልሽ?» የሚለውን ጥያቄ የሰማ ሻጭ ይጠንቀቅ። ሴትየዋ 12 ሚሊዮን ካለች ደላላው ለገዢው 14 ይላል፣ ልዩነቱ የሱ ነው፣ ኮሚሽኑ ደግሞ ከዚያ ላይ ነው። ለዚህ ነው ሻጭና ገዢ ስልክ እንዳይለዋወጡ መሀላቸው ቆሞ የሚያስጎበኘው። ባለቤቷ የሞተባት፣ ጉለሌ ያለ የውርስ ቤት የምትሸጥ ሴት ትክክለኛውን ዋጋ የሰማችው ውሉ ሲነበብ ነበር። ፊቷን ማየት አቃተኝ። እዚያው ተጨቃጨቁ፣ ተጯጯሁ፣ በመጨረሻ ገዢው ጨዋ ሰው ሆኖ ብሩን በቀጥታ ለሷ ከፈለ።

ታዲያ ያለ ደላላ አይቻልም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ከባድ ነው። በዚህ ከተማ የትኛው ቤት በስንት እንደተሸጠ ማንም ሰው ገብቶ የሚያየው መዝገብ የለም። ዋጋውን የሚያውቁት ደላሎች ናቸው። ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ያለውማ አንዱ ቤት በሦስት ዋጋ፣ በአምስት ደላላ ስም ተለጥፎ ነው፤ «ከባለቤቱ» የሚል ጽሑፍ ያለበትም ስትደውል የደላላ ደላላ ሆኖ ይገኛል። ሰፈሩን አንድ በአንድ የሚያውቅ ደላላ ደግሞ ወርቅ ነው። አንድ አዛውንት ደላላ አውቃለሁ፣ ካዛንቺስ ሳይፈርስ በፊት ቤት ሊገዛ የመጣን ወጣት «ልጄ፣ ይሄ ልማት ይነካዋል፣ ብርህን ያዝ» ብለው የመለሱት። ኮሚሽናቸውን በገዛ አፋቸው አስቀሩት። እንዲህ ያለ ሰው አለ፣ ግን ሁሉም ሰው እሳቸውን ላያገኝ ይችላል።

ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ «እኛ ጋ ኤጀንት ፈቃድ አለው፣ ገንዘብም ሦስተኛ ወገን ጋ ይቀመጣል» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን እዚያም ቢሆን ኮሚሽን ጉድ አፍልቷል። በፈረንጆቹ 2023 ሚዙሪ ውስጥ የዳኞች ጉባኤ በአገሪቱ የሪልተሮች፣ ማለትም የቤት ደላሎች፣ ማኅበርና በትልልቅ የድለላ ኩባንያዎች ላይ ወደ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈርዷል፣ ሻጮች የገዢውንም ኤጀንት ክፍያ እንዲሸከሙ ተደርገዋል ተብሎ። በቀጣዩ ዓመት ማኅበሩ 418 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፣ ከዚያ ዓመት ነሐሴ አጋማሽ ጀምሮም ገዢ ቤት ከማየቱ በፊት ከኤጀንቱ ጋር ስንት እንደሚከፍል በጽሑፍ ይፈራረማል። ፈቃድና ቢሮ ያለው ኤጀንት እንኳ በጽሑፍ ታስሮ ነው የሚሠራው።

እኛ ዘንድ ሕጉ ደላላን አያውቀውም ማለት አይደለም። ከ1952ቱ የንግድ ሕግ ጀምሮ ደላላ በስሙ ተጠቅሶ ነጋዴ ተብሏል። ነጋዴ ከሆነ ደግሞ ፈቃድ፣ ደረሰኝና አድራሻ ይኖረዋል። ስንቱ ደላላ ነው ለ400 ሺህ ብር ደረሰኝ የሚቆርጠው?

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ቤት ከመታየቱ በፊት ሻጭም ገዢም ከደላላው ጋር አንድ ገጽ ይፈራረሙ። ስንት ከመቶ፣ ከማን፣ መቼ የሚለው ይጻፍበት። ክፍያው ካርታው በገዢው ስም ሲዛወር ይሁን። ገዢ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ከሻጩ ጋር ሆኖ ክፍለ ከተማ መሬት ይዞታ ጽሕፈት ቤት ይሂድ፣ እግድና ዕዳ ይጠይቅ። ደላላውን ወክሎ አይላክ።

ደላሎች ለዚህ መልስ አላቸው፤ ስንጨቃጨቅ ሰምቻቸዋለሁ። «ስም እስኪዛወር ከጠበቅን ሻጭና ገዢ ተመሳጥረው ይክዱናል፣ በጫማችን ዞረን፣ ነዳጅ አቃጥለን ባዶ እጃችንን እንቀራለን» ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ይደረጋል። ደላላ ቤቱን አሳይቶ ሲሄድ ዞረው የሚገናኙ፣ ለዓመት ከተንከራተተላቸው ሰው ጋር በ2 ከመቶ የሚጣሉ ሰዎች አሉ፤ ነውር ነው። ግን ያችኑ አንድ ገጽ ፈርመው ቢሆን ደላላውም ፍርድ ቤት ይዞ የሚቀርበው ነገር ይኖረው ነበር። አሁን የሚያስፈራራው በጩኸትና በጓደኛ ብዛት ነው፣ ሌላ መያዣ ስለሌለው።

እኔ ለደንበኞቼ ይሄን አንቀጽ መጻፍ ጀምሬያለሁ፤ የኮሚሽን ክፍያ የሚፈጸመው የባለቤትነት ማረጋገጫው በገዢ ስም በተሰጠ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ነው ይላል። አንዳንድ ደላሎች ሰምተው ተነስተው ሄደዋል። የፈረሙም አሉ። ይሄን ጋዜጣ የምታነቡ ደላሎች ካላችሁ፣ ለምን መፈረም እንደማይቻል ወይም ምን ቢጨመርበት እንደምትፈርሙ ለዝግጅት ክፍሉ ጻፉ፤ አዘጋጁም እንዲያወጣልን እለምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ