የሥነ ምግብ ክበብ፦ ከኩባያ ወደ ግራም

አንዳንድ ባልደረቦቻችን ክበባችንን «የድግስ ክበብ» ይሉታል። ስቀን አልፈናል። ዘንድሮ ማንጎ ስንበላ ብቻ እንዳልከረምን ግን ቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሰንጠረዥ ይመሰክራል። የተጠራጠረ ሄዶ ይየው።

የመጀመሪያው ሴሚስተር በምዝገባ፣ በእጅ አስተጣጠብና በምግብ ምድቦች ትምህርት አለፈ። ስብሰባው ያው የምታውቁት ነው።

ወሬው ያለው ማንጎ ከደረሰ በኋላ ነው። አርባ ምንጭ ተቀምጦ ማርማላታ ከሱቅ መግዛት ያሳፍራል ብለን ራሳችን ልንሠራ ተነሣን። ልጆቹ ከኢንተርኔት ያገኙት አሠራር «4 ኩባያ ማንጎ፣ 2 ኩባያ ስኳር» ይላል። አንዱ ቡድን ማንጎውን ከትፎ ሰፈረ፣ ሌላው ፈጭቶ። የከተፉት ጥርስ እስኪያም ጣፈጠ። የፈጩት ደግሞ ቀጥኖ ዳቦ ላይ አልቆም አለ።

አንዱ በሌላው ሲያላክክ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ኩባያውን አነሣች። እናቷ ሲቀላ ገበያ ፍራፍሬ ይሸጣሉ። ክፍል ውስጥ ድምፅዋ እምብዛም አይሰማም። ኩባያውን በተከተፈ ማንጎ ሞላችና ከመስፈሪያ ሲሊንደር ቀስ እያለች ውኃ ጨመረችበት። 240 ሚሊ ሊትር የሚይዘው «ሙሉ» ኩባያ 80 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ ጠጣ። «ቲቸር፣ ሲሶው አየር ነው እኮ! እናቴ እንዲህ ብትሰፍር ደንበኛ አይኖራትም!» ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። የእፍግታን ቀመር ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ መምህር ሁሉ ያን ቀን እዚያ በነበረ ብዬ ተመኘሁ።

ከዚያ የኬሚስትሪ ክፍሉን ሚዛን ተውሰን መመዘን ጀመርን። አንድ ኩባያ የተከተፈ ማንጎ 165 ግራም ገደማ ነው፣ የተፈጨው ከ230 ግራም ያልፋል። የተቆራረጠ ሙዝ 150፣ የተፈጨው 225። ፓፓያ ሲከተፍ 145፣ ሲፈጭ 230። ስኳር 200። ያ «4 ኩባያ» እንግዲህ ለአንዱ ቡድን 660 ግራም ማንጎ፣ ለሌላው ከ900 ግራም በላይ ነበር፤ ስኳሩ ግን ለሁለቱም 400 ግራም። ኩባያ ራሱም አንድ ዓይነት አይደለም። የአሜሪካው 237 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲይዝ የአውስትራሊያው 250 ይይዛል። የየቤታችንን ብርጭቆማ ተዉት።

ሲቀላም ወርደናል። በመደብ የገዛነው ማንጎ ልጣጩና ዘሩ ሲወጣ ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋው ሄደ። ስለዚህ አሁን ልጆቹ የሚመዝኑት ሥጋውን ብቻ ነው።

ሁለተኛውን ማርማላታ በግራም ሠራነው፦ 1 ኪሎ የማንጎ ሥጋ፣ 600 ግራም ስኳር፣ የሎሚ ጭማቂ። ማንጎ ኮምጣጣነቱ አነስተኛ ስለሆነ ሎሚው ግድ ነው። በወላጆች ቀን ብልቃጦቹ ገና በጠዋቱ አለቁ።

የዘይቱንና የአቮካዶ ሰንጠረዥ አልተጠናቀቀም። ሚዛኑ ለተግባር ፈተና ተፈልጎ ተመለሰ፣ መብራትም ሁለት ድስት አበላሽቶብናል። ለስፖርት ክበቡ አዲስ ማልያ መገዛቱ አስደስቶናል፣ ያምርባቸዋል። እኛ የምንጠይቀው አንድ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ነው፣ ከነባትሪው። የወላጅ ኮሚቴው በሚቀጥለው በጀት ያስብበት። ባዶ ብልቃጥ ያላችሁም አትጣሉ፤ ክዳኑ የሚገጥም ከሆነ እንቀበላለን።