ፀሐይ የካልሲ ኳስ፣ መሬት የጤፍ ፍሬ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? ስለ ፕላኔቶች በጥያቄ አጣደፉኝ ስላልሽው፣ ግድግዳው ላይ የለጠፍሽላቸውን ሥዕል ለጊዜው ተይው። የፕላኔቶቹን ግዝፈትና ርቀት በአንድ ልኬት አንድ ወረቀት ላይ ማስፈር አይቻልም። ሠዓሊው ርቀቱን ይተውና ስምንቱን እንደ ጨሌ ይደረድራቸዋል፤ ልጆቹም ጎረቤታሞች ይመስሏቸዋል። ይልቅ እሑድ ማለዳ፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ፣ አራት ኪሎ ይዘሻቸው ውጪ።

ልኬቱ አንድ ለ10 ቢሊዮን ይሁን፤ በእግራችሁ የምትሄዱት 1 ሜትር በሰማይ 10 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው ማለት ነው። ፀሐይን ከአሮጌ ካልሲ ሥሩ። ዙሪያዋ በሜትር ሲለካ 44 ሳንቲሜትር እስኪሆን ጨርቅ ጠቅጥቁባት፤ ያኔ ከዳር እስከ ዳር 14 ሳንቲሜትር ትሆናለች። መሬት 1.3 ሚሊሜትር፣ ማለትም አንዲት ደህና የጤፍ ፍሬ ናት። ቬነስም ጤፍ። ለማርስ ደቀቅ ያለችውን ጤፍ፣ ለሜርኩሪ አንዲት የስኳር ቅንጣት ምረጡ። ጁፒተር ብይ ነው፤ ሳተርን ባቄላ ሲሆን 2.8 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው የወረቀት ቀለበት ይጠለቅለት። ዩራነስና ኔፕቱን ሁለት የማሽላ ፍሬ። ፕሉቶን አትጨምሩ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ወደ ድንክ ፕላኔትነት ወርዳለች፣ ያንቺ የድሮ ደብተር ዘጠኝ ቢልም።

ጤፍ በእጅ ይዞ መንገድ መውጣት ዘበት ነው፤ ስሟም ከመጥፋት የመጣ ነው ይባል የለ? እያንዳንዷን በነጭ ካርቶን ላይ በስኮች ለጥፉ። ቀይ ጤፍ ይሁን፣ ነጩ ካርቶኑ ላይ አይታይም። በመሬት ካርቶን ላይ ከጤፏ 3.8 ሳንቲሜትር ርቀሽ በእስክሪብቶ ጫፍ አንዲት ነጥብ አድርጊ። ጨረቃ ያቻት። ሰው በአካሉ ከመሬት የራቀው እስከዚያች ነጥብ አካባቢ ብቻ ነው፤ ይህን ከመንገዱ በፊት ሳይሆን በኋላ ንገሪያቸው።

ለርቀቱ 23 ሜትር ሲባጎ ይበቃል። 5.8 ላይ ለሜርኩሪ፣ 10.8 ላይ ለቬነስ፣ 15 ላይ ለመሬት፣ 22.8 ላይ ለማርስ ቋጠሮ ይኑረው። አዲስ ሲባጎ ሲወጠር ስለሚለጠጥ አስቀድመሽ በደንብ ጎትቺው፣ ከዚያ ለኪ። ኳሷን ሐውልቱ ፊት ለፊት ካለው የእግረኛ መንገድ ላይ አስቀምጡና ወደ ስድስት ኪሎ አቅጣጫ ዘርጉት። ከማርስ ወዲያ ሲባጎ አያዋጣም፣ በእርምጃ ነው። አንዱ ልጅ ብቻ ይቁጠር፤ ሁለቱ ከቆጠሩ ይጣላሉ። ከፀሐይ እስከ መሬት 25 እርምጃ ከወሰደበት፣ ከፀሐይ ተነስቶ ጁፒተር 130፣ ሳተርን 238፣ ዩራነስ 478፣ ኔፕቱን 750 ላይ ነው። መንገዱ ዳገት ስለሆነ እየደከመው ሲሄድ እርምጃው ያጥራል፤ ኔፕቱን በጥቂት ሜትር ብትዛነፍ አትጨነቂ።

ሁለት ቦታ ላይ ግን አትቸኩሉ። የመጀመሪያው 15 ሜትሩ ላይ ነው። ከጤፏ አጠገብ ሆነው ኳሷን ሲያዩ፣ ፀሐይ ከመሬት የምትታየውን ያህል ትታያቸዋለች። ግን ለማነጻጸር ቀና ብለው ፀሐይን እንዳያዩ! ሙሉ ጨረቃ ለዓይን ያንኑ ያህል ስለምትሰፋ፣ ማታ ከእሷ ጋር ያስተያዩት። ከዚያ አንዱ ጣቱን በሲባጎው ላይ ከፀሐይ ወደ መሬት በሴኮንድ 3 ሳንቲሜትር እያስኬደ ይምጣ፣ እንደ ጉንዳን። በዚህ ልኬት የብርሃን ፍጥነት ያ ነው። ከዓለም ሁሉ የፈጠነው ነገር መሬት ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ልጆቹ በአንድ ደቂቃ ይሰለቻሉ፤ ይሰልቹ፣ የተፈለገው እሱ ነው። እስከ ኔፕቱን ቢሆን ከ4 ሰዓት በላይ ነው።

ሁለተኛው ኔፕቱን ጋ ነው። ዞር ብለው ኳሷን ይፈልጉ፤ ብታይ እንኳ ነጥብ ናት። ስድስት ኪሎ ገና አልደረሳችሁም፣ በመካከሉ ያለው ሁሉ ባዶ ነው።

ፕላኔቶቹ እንዲህ በሰልፍ ቆመው እንደማይገኙ መንገርሽን እንዳትረሺ። ሜርኩሪ ፀሐይን በ88 ቀን ይዞራታል፣ ኔፕቱን በ165 ዓመት። ማዞሩን ለማሳየት ጃን ሜዳ ይሻላል፦ አንዱ የሲባጎውን ጫፍ ይይዛል፣ ሌላው ወጥሮ ይዞረዋል። ከሁሉ ትኩሷ ሜርኩሪ ናት ማለታቸው አይቀርም፤ ቬነስ ግን ወፍራም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋቢ ስለደረበች ወደ 465 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትግላለች።

ይቺው ቬነስ፣ በግዕዝ መጻሕፍት ዝሁራ የምትባለው፣ የአጥቢያ ኮከባችን ናት። ለምን እኩለ ሌሊት ላይ አትታይም ካሉሽ ወደ ሲባጎው መልሻቸው። የእሷ ቋጠሮ ከእኛ በስተውስጥ ስለሆነ ሁልጊዜ ከፀሐይ ብዙ አትርቅም፤ ወይ አመሻሽ ላይ በምዕራብ፣ ወይ ጎህ ሳይቀድ በምሥራቅ ነው የምትገኘው። ጁፒተርና ሳተርን ግን አዲስ አበባ ላይ አናታችን አጠገብ ድረስ ይወጣሉ፣ ለምድር ወገብ ቅርብ ነንና። የመንገድ መብራት አይጋርዳቸውም፤ የማይርገበገብ ደማቅ ብርሃን ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ፕላኔት ነው።

ከኔፕቱን ወዲያስ ምን አለ ማለታቸው አይቀርም። ከፀሐያችን ቀጥሎ ያለው ቅርብ ኮከብ በዚህ ልኬት 4,000 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ጆሃንስበርግ አካባቢ በይው። ኢትዮጵያ በ2019 እ.ኤ.አ. ስም ያወጣችለት ኮከብ ደግሞ አለ፦ ኮከቡ ቡና፣ የሚዞረው ፕላኔት አቦል ይባላል። 196 የብርሃን ዓመት ያህል፣ ማለትም ብርሃን በ196 ዓመት የሚሄደውን መንገድ ያህል ስለሚርቅ፣ መሬት ጤፍ ሆና እንኳ ቡና ጋ ለመድረስ እውነተኛዋ ጨረቃ ድረስ ካለው መንገድ ግማሹን መሄድ ይጠይቃል። በረከቦቱ ፊት ብትነግሪያቸው ደስ ይላቸዋል።

ክረምቱ ሳይገባ ውጡ፤ ከሰኔ ወዲያ ካርቶኑም ይረጥባል፣ ማታም ሰማዩ አይገለጥም።

እናትሽ