«14 ቀን ተፈቀደ» የሚለው ዜና ምን ያስቀራል?

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

በፍርድ ቤት ዜናዎቻችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይለወጥ ይመላለሳል፦ «ፍርድ ቤቱ ለፖሊስ 14 ተጨማሪ የምርመራ ቀን ፈቀደ»። ከመደጋገሙ የተነሳ ብዙ አንባቢ 14 ቀን ለፖሊስ በሕግ የተሰጠ ድርሻ ይመስለዋል። ዘመዱ የተያዘበትም ሰው «14 ቀኑ ይለቅ እንጂ» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 ግን የሚለው በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቀድም ነው። 3 ቀንም ሊፈቀድ ይችላል፣ 5 ቀንም፣ ጭራሹንም ሊከለከል ይችላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 19 ተጨማሪ ጊዜ የሚፈቀደው አስፈላጊ በሆነ መጠን ብቻ መሆኑን ደንግጓል።

ነገሩ የሚበላሸው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ሁሉም ያውቃል፤ አቆጣጠሩ ላይ ነው የሚሳሳተው። ሰዓቱ የሚጀምረው ሰውየው ከተያዘበት ጊዜ ነው፤ መዝገቡ የተከፈተበት ሰዓት መነሻ አይሆንም። ሐሙስ ማታ 1 ሰዓት የተያዘ ሰው 48 ሰዓቱ የሚሞላው ቅዳሜ ማታ 1 ሰዓት ነው። «ቅዳሜና እሑድ አይቆጠርም» የሚባለው ነገር በአንቀጽ 19 ውስጥ የለም። ተቀናሽ የሚሆነው ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚወስደው የጉዞ ጊዜ ነው። የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 29 የአካባቢው ሁኔታና መገናኛ እስከፈቀደ ድረስ መዘግየትን የሚታገሥ ሐረግ አለው። ሕገ መንግሥቱ ያንን ሐረግ አልወሰደም፤ ሁለቱ ሲጋጩ የበላዩ ሕገ መንግሥቱ እንደሆነም በራሱ በአንቀጽ 9 ተጽፏል። ስለዚህ ቤተሰብ ከሁሉ በፊት ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የጣቢያውን ስምና ሲያዝ ያየ ሰው ካለ ማንነቱን ወረቀት ላይ ያስፍር። በኋላ መዝገቡ ላይ የተያዘበት ሰዓት ዘግይቶ ተጽፎ ቢገኝ መከራከሪያ የሚሆነው ይህ ወረቀት ነው።

በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ «ቃል መስጠት» የሚባለው ይመጣል። መርማሪው የተያዘውን ሰው መልስ የመስጠት ግዴታ እንደሌለበት፣ የሚናገረውም ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችል በሚገባው ቋንቋ አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል። ትልቁ ስህተት ሳያነቡ መፈረም ነው። ማንበብ የማይችል ይነበብልኝ ይበል፤ ያላለው ነገር ከገባም ሳይፈርም ያሳርመው። ከፈረመ በኋላ «እንዲህ አላልኩም» የሚለው ክርክር ከወራት በኋላ የሚሰማ ነው፣ ያውም ከፊርማው ጋር እየታገለ። ጠበቃውን ወዲያው የመጥራትና የማነጋገር መብቱ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 61 ተደንግጓል፤ ከጠየቀም መጻፊያ ሊሰጠው ይገባል። ይህቺ የመጻፊያዋ ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ስልኩ የተወሰደበት ሰው ግን አቤቱታ ማርቀቅ የሚችለው በእሷ ነው።

እዚህ ላይ ለዘጋቢዎቻችሁ አንድ ነገር ላንሣ። «ወንጀሉን መፈጸሙን አመነ» ተብሎ ሲጻፍ ያመነው የት ነው? ለፖሊስ የተሰጠ ቃልና በአንቀጽ 35 መሠረት ዳኛ ፊት የተሰጠ ቃል ለየቅል ናቸው። ዳኛው ቃሉን ከመቀበሉ በፊት ሰውየው በፈቃዱ መናገሩን ጠይቆ ማረጋገጥና ይህንኑ መመዝገብ አለበት። በማስገደድ የተገኘ ቃል ደግሞ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። ዜናው ሁለቱን ካልለየ አንባቢ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል።

አሁን ፖሊስ ተጨማሪ የምርመራ ቀን ወደሚጠይቅበት ወደ ጊዜ ቀጠሮው ችሎት እንግባ። ፖሊስ በየመዝገቡ የሚያቀርባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፦ የምስክሮችን ቃል ተቀብለን አልጨረስንም፣ ግብረ አበር አልያዝንም፣ የቴክኒክ ወይም የሕክምና ማስረጃ አልደረሰንም፣ ከባንክ መረጃ እየጠበቅን ነው። እነዚህ እኩል ክብደት የላቸውም። ያልተያዘ ግብረ አበር ወይም ቃሉን ያልሰጠ ምስክር ካለ፣ ተጠርጣሪው ቢወጣ ምርመራውን ሊያሰናክል ይችላል የሚለው ስጋት ቢያንስ ያስኬዳል። ከባንክ የሚመጣን ደብዳቤ ግን ተጠርጣሪው ውጭ ሆኖ ምን ያደርገዋል? ደብዳቤው ሰውየው ቢታሰርም ባይታሰርም ይመጣል። ስለዚህ ተጠርጣሪው ወይም ጠበቃው በየምክንያቱ ላይ «ይህን ለማድረግ የእኔ መታሰር ለምን ያስፈልጋል?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱም መዝገብ ላይ ይስፈርለት።

በሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ሕጉ ቀጠሮ ስንት ጊዜ ሊፈቀድ እንደሚችል በቁጥር አልወሰነም፣ ትልቁ ክፍተቱም ይኸው ነው። መከላከያው ያለፈውን ቀጠሮ ዝርዝር ከአዲሱ ጋር ማስተያየት ነው። «የምስክሮች ቃል ይቀረናል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል ተመልሶ ከመጣ፣ ባለፉት ቀናት የስንት ምስክር ቃል ተቀበላችሁ ተብሎ ይጠየቅ፤ ዳኛው የምርመራ መዝገቡን አስቀርበው ይመልከቱልኝም ይባል። ልምድ ያለው ጠበቃ በዚህ ደረጃ ስለ ንጽሕና ረጅም ንግግር አያደርግም። ጊዜውም ቦታውም አይደለምና።

ዋስትናን በተመለከተ ጥያቄው በማንኛውም ጊዜ ሊቀርብ ይችላል፤ ክስ እስኪመሠረት መጠበቅ የለም። አንቀጽ 63 ዋስትናን የሚገድበው በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጡ ወንጀሎችን፣ እንዲሁም የተበዳዩን የመሞት ዕድል በተመለከተ ነው። የሙስናና የሽብር ጉዳዮች የራሳቸው አዋጅ አላቸው። በምርመራ ደረጃ ግን ክስ ገና የለም። «ወንጀሉ ከባድ ነው» ማለት ብቻውን አንቀጽ አይደለምና የትኛው አንቀጽ ነው ተብሎ መጠየቅ አለበት። ከዚያ ውጭ አንቀጽ 67 የሚጠቅሳቸው መከልከያዎች ሦስት ናቸው፦ የዋስትናውን ግዴታ አይፈጽምም፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል፣ ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል ተብሎ ሲገመት። ግምቱ ደግሞ ከአንድ የሚታይ ነገር መነሣት ይኖርበታል። ቋሚ አድራሻ፣ የሥራ ማስረጃ፣ የቤተሰብ ሁኔታ በሰነድ ሲቀርብ የመጀመሪያው ስጋት ይቀልላል። የገንዘቡ መጠን ሲወሰን የተያዘው ሰውና የዋሶቹ አቅም እንዲታይ አንቀጽ 69 ያዛል፤ ሰውየው ሊከፍለው የማይችለው ዋስትና ከክልከላ አይለይም። ከተከለከለ ይግባኝ የሚባለው በ20 ቀን ውስጥ ነው፤ ይህን ቀን ብዙ ሰው ሌላ ቀጠሮ ሲጠብቅ ያሳልፈዋል።

ዋስትና ተፈቅዶ ገንዘቡ ከተያዘ በኋላም መፍቻው፣ ማለትም ይፈታ የሚለው የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም አርፎበት ጣቢያ መድረስ አለበት። ዓርብ ከሰዓት የተፈቀደ ዋስ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ሰኞ ሊሆን ይችላል። የዋሱ ሰነድ ከችሎቱ በፊት ተሟልቶ ይጠብቅ የሚባለው ለዚህ ነው።

አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታም ያለ ቦታው ሲገባ ይታያል። ይህ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ ያለው መንገድ ያለ ሕጋዊ ትእዛዝ ለተያዘ ሰው ነው። ፍርድ ቤት ጊዜ ቀጠሮ ፈቅዶበት የታሰረን ሰው በዚህ ለማስፈታት ቢሞከር ፖሊስ ትእዛዙን ያሳያል፣ መዝገቡም ይዘጋል። 48 ሰዓት አልፎ ፍርድ ቤት ያልቀረበ፣ ወይም መፍቻው ደርሶ ያልተለቀቀ ሰው ግን ትክክለኛ መንገዱ ይኸው ነው። እስረኛው ራሱ ማቅረብ ካልቻለ ሌላ ሰው ስለ እሱ ሊያቀርብ ይችላል። አቤቱታው በመሐላ ቃል ተደግፎ ማን እንደያዘው፣ የት እንዳለ፣ እንዴት እንደተያዘና ይህን የሚመሰክሩ ሰዎችን ስም ይገልጻል። መጀመሪያ ላይ የተያዘችው ያቺ ወረቀት እዚህም ታገለግላለች።

ከዝግጅት ክፍሉ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ዘጋቢያችሁ ከጊዜ ቀጠሮ ችሎት ሲመለስ ሰውየው የተያዘበትን ቀንና ሰዓት፣ ፖሊስ ስንት ቀን ጠይቆ ፍርድ ቤቱ ስንት እንደሰጠ፣ በምን ምክንያት እንደሆነ፣ ስንተኛው ቀጠሮ እንደሆነና ተጠርጣሪው ምን ብሎ እንደተቃወመ ይጻፍልን። ክስ ያልቀረበበትን ሰውም «ተከሳሽ» አትበሉት፤ እስከዚያ ድረስ ተጠርጣሪ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ