መብራት ጠፍቶ በዋለበት ቅዳሜ ለደረሳችሁልን ሁሉ የቀረበ የምስጋና መልእክት

ለተከበራችሁ የደብረ ብርሃን ከተማ ነዋሪዎች፣ ወላጆችና ወጣቶች፦

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በዘንድሮው የክረምት እረፍት፣ በሐምሌ ወር በተከታታይ ሦስት ቅዳሜዎች፣ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 ዓመት ለሆነ 28 ልጆች በቤተ መጻሕፍታችን አዳራሽ ያካሄድነው የኬክና የካፕኬክ ማስዋብ ሥልጠና በመጨረሻው ቀን ሊፈርስ አንድ ሐሙስ ሲቀረው በእናንተ እጅ ተርፎ በሰላም ተጠናቋል። ዕለቱን በእጅ መንሣት ብቻ ማለፍ ስላልወደድሁ፣ ማን ምን እንዳደረገልን ከተማው ሁሉ እንዲያውቀው ይህን ጽፌያለሁ።

«ቤተ መጻሕፍትንና ኬክን ምን አገናኛቸው?» ብሎ የጠየቀን ሰው ጥቂት አልነበረም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። የሕፃናት ክፍላችን ዘወትር ይሞላል፤ ለመልቀቂያ ፈተና የሚያጠኑትም ወንበር እስኪጠፋ ድረስ ይመጣሉ፤ የተረት መጽሐፍ ያነሳቸው፣ ፈተናው ግን ገና ያልደረሰባቸው ልጆች ግን በራችንን ረስተውት ነበር። ኬክ ይመልሳቸዋል ብለን ገመትን፤ ተመለሱም። የመጡት ለኬኩ ብለው እንጂ ለመጽሐፉ ብለው እንዳልነበረ አልደብቅም።

የሚገርም ቢመስልም፣ ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው ሐሳቡን አጥብቀው የተቃወሙትን አባት ነው። ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ሊያነቡ የሚመጡት እኚህ አባት፣ ስኳር ባለበት ቤት ጉንዳን እንደማይጠፋ፣ ጉንዳኑን ተከትሎ አይጥ እንደሚመጣ፣ አይጥ ደግሞ በኬክና በመጽሐፍ መካከል ልዩነት እንደማያደርግ በሰው ፊት ነግረውናል። ጠረጴዛዎቹን በላስቲክ የሸፈንነው፣ ከአዳራሹ ወደ ንባብ ክፍል የሚያልፍ ሁሉ እጁን በሳሙና እንዲታጠብ የወሰንነው፣ ፍርፋሪውም በዚያው ዕለት ተጠርጎ ከግቢ እንዲወጣ ያደረግነው እርሳቸውን ስለፈራን ነው። እስካሁን አንድም ገጽ ላይ የክሬም ጣት አላገኘንም፤ እርሳቸውም በየሳምንቱ ሰኞ መደርደሪያውን እየዞሩ ሲያዩ ቆይተዋል።

ቀኑን ስንመርጥ መጀመሪያ የተመለከትነው የጾሙን አቆጣጠር ነበር። እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ የሚነካ ሥራ በመሆኑ፣ ሐምሌ 5 የሐዋርያት ጾም ከተፈታ በኋላ ነሐሴ 1 ፍልሰታ እስኪገባ ባለው ጊዜ ውስጥ መጨረስ ነበረብን። ሙስሊም ልጆችም ስላሉን፣ ከየትኛው እንስሳ ቆዳና አጥንት እንደተሠራ በእርግጠኝነት ያልታወቀ ጄላቲን (ማርጊያ) ያለበትን ማስዋቢያ ሁሉ ከዝርዝሩ አወጣን። ክሬሙ የሚቀላቀለውና ቀለም የሚገባበት ዓርብ ከሰዓት ስለነበር፣ ጾመኞቹ ማንኪያውን ከሩቅ እያዩ ቅምሻው ለሙስሊም ልጆች ተሰጥቷል፤ በዚህ ሹመት የተከፋ ልጅ አላየሁም። ይህን ሁሉ ተረድታችሁ ልጆቻችሁን ያለ ሥጋት የላካችሁልን ወላጆች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።

በከተማችን ኬክ ቤት የምትሠራውንና ሥልጠናውን ያለ ክፍያ የሰጠችውን እህታችንን በምን ቃል እንደማመሰግን ይቸግረኛል። በመጀመሪያው ቅዳሜ እኔ ከኢንተርኔት ባወረድሁት አሠራር መሠረት የጋገርነው ኬክ በምድጃ ውስጥ አብጦ አብጦ፣ ሲወጣ መሐሉ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሰመጠ። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔ አፈርሁ፤ እርሷ ግን አልተደነቀችም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ በመሆኑ፣ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚፈጥረው አየር ከሚገባው በላይ ኬኩን እንደሚነፋውና ሊጡ ሳይጠነክር እንደሚፈነዳ አስረዳችን። ውሃ እዚህ በ90 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ፣ ስለዚህም እርጥበቱ ቶሎ ተንኖ እንደሚያልቅ ጨመረችልን። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ ራሳቸው እርሳስ ይዘው አሠራሩን አረሙት፤ ከእያንዳንዱ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ሩቡን ቀነሱ፣ ስኳሩን ትንሽ አጎደሉ፣ ወተቱን በጥቂት ማንኪያ ጨመሩ፣ ሙቀቱንም በ10 ዲግሪ ከፍ አደረጉት። በክፍል ውስጥ ክፍልፋይ ሲባል ፊቷን የምታዞር አንዲት ልጅ የሦስት እንቁላሉን አሠራር ወደ ስምንት ስትቀይር አንድም ስሕተት አልሠራችም።

ወደ ሦስተኛው ቅዳሜ ልምጣ። በዕለቱ እያንዳንዱ ልጅ በወላጆቹ ፊት ሦስት ሦስት ካፕኬክ እንዲያስውብ ታስቦ፣ ያልተዋቡ 84 ካፕኬኮች ከአንድ ጋጋሪ ታዝዘው ቀብዱም ተከፍሎ ነበር። ዓርብ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ «አልደረሰልኝም» የሚል ስልክ ተደወለልን። የጋጋሪውን ማንነት መግለጽ አስፈላጊ ሆኖ አላገኘሁትም፤ ቀብዱም ተመልሷል። አሠልጣኛችን የራሷን የኤሌክትሪክ ምድጃ በባጃጅ ጭና ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረሰች፤ የመጀመሪያው ትሪ ገብቶ ገና ሳይቀላ ግን መብራት ጠፋ። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ወላጆች ይመጣሉ፤ በእጃችን ያለው አንድ ባልዲ ክሬም ብቻ ነው።

በዚህ ጊዜ ልጇን ልታደርስ የመጣች አንዲት እናት፣ «ድፎ መብራት ኖሮት ነው እንዴ የሚጋገረው?» አለችን። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ግቢዋ ማድ ቤት ውስጥ ሌሎች ሁለት እናቶች ጨምራ፣ ከታች ፍም፣ በብረት ክዳኑ ላይም ፍም አድርገው ኬክ ጋገሩልን። በኩበት እንዳይሆን፣ ኬኩ ጭስ ጭስ እንዳይል በማለት ከሰል ከየቤታቸው አዋጡ። ሚክሰር ስለማይሠራ እንቁላሉንና ስኳሩን ልጆቹ እየተቀባበሉ በሹካ መቱት፤ ክንዱ የዛለ ለሚቀጥለው ይሰጣል። የካፕኬኩ ትሪ ምጣዱ ላይ ስለማይመጥን፣ ጠፍጣፋ ኬክ ተጋግሮ በሻይ ብርጭቆ አፍ ክብ ክብ ሆኖ እየተቆረጠ በወረቀቱ ውስጥ ተቀመጠ። ሲቆጠር 81 ሆነ። የጎደሉትን ሦስቱን እናቶቹ ከተራረፈው ቁርጥራጭ በክሬም አጣብቀው ሞሉልን፤ የትኞቹ እንደሆኑ ዛሬም መለየት አልቻልሁም።

ክሬሙ ደግሞ በብርዱ ደርቆ ድንጋይ ሆነ። ከከረጢቱ ሲጨመቅ የኮከቡ ጠርዝ ይሰበራል፣ አበባውም ቅጠሉን ያራግፋል። አሠልጣኛችን ከረጢቱን በብብታችሁ ያዙት ብትልም አልበቃ ስላለ፣ ዘበኛችን የለበሱትን የመንዝ በርኖስ አውልቀው ባልዲውን ከነክዳኑ ጠቅልለው ከፍሙ አጠገብ አስቀመጡት። በአንድ በኩል ትንሽ ቀልጦ ነበር፤ ልጆቹ የቀለጠውን ለገብስ ማሳ፣ ያልቀለጠውን ለአበባ አደረጉት። እርሳቸው ግን በሸሚዝ ብቻ እስከ ምሳ ሰዓት በር ላይ ቆሙ። ጋሼ፣ በርኖሱ ላይ የቀረው አረንጓዴ ነጠብጣብ እንዳልለቀቀልዎት ሰምቻለሁ፤ ይቅርታዬን ከምስጋናዬ ጋር ይቀበሉኝ።

ከቀረቡት ሥራዎች ውስጥ አንዱን ሳልጠቅስ አላልፍም። ጥቁር ክሬም ከነጭ ቢጀመር ቀለሙ እስኪመርር ድረስ ስለሚፈጅ፣ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በኮኮዋ ጀምሮ አጠቆረውና በሹካ ጫፍ እየቧጠጠ የዚያኑ የዘበኛችንን በርኖስ ሠራ፤ ፀጉራማው ጨርቅ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለራሳቸው ሲሰጣቸው አልበሉትም። በላስቲክ ጠቅልለው ለልጅ ልጃቸው ይዘው ሄዱ።

በዕለቱ ወንበር ያዋሳችሁን ጎረቤቶች፣ ውሃ የቀዳችሁልን ወጣቶች፣ ዝናቡን ሳትፈሩ የመጣችሁ ወላጆች፣ ሁላችሁንም በቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች ስም ከልብ አመሰግናለሁ። ከሠልጣኞቹ አሥራ አንዱ የአባልነት ፎርም ሞልተው ወስደዋል፤ አምስቱ እስካሁን መልሰዋል፤ የቀራችሁ ፎቶግራፋችሁን ይዛችሁ ኑ።

በመጨረሻም ከተዋሱት ዕቃዎች አንድ ጥቁር የብረት ክዳን፣ እጀታው በሽቦ የታሰረ፣ ባለቤቱ ሳይታወቅ ዘበኛው ክፍል ተቀምጧል። ሦስቱም እናቶች የእኔ አይደለም ብለውናል። የጠፋባችሁ ካላችሁ በሥራ ሰዓት መጥታችሁ ውሰዱ፤ ታጥቧል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

የወጣቶች ንባብ ክፍል አስተባባሪ
ደብረ ብርሃን